ዘበኛው ተለዋዋጩ በር ላይ ይቁም

ባለፈው የልምምድ ሳምንት በፐርል ቋንቋ የጻፍናት የውጤት መመዝገቢያ ፕሮግራም አሳፍራናለች። 75 መሆን የነበረበት ውጤት 755 ተብሎ ገባ፤ ማንም አልከለከለው። የአንዱ ጓደኛችን አማካይ ውጤት ከመቶ በላይ ወጣና ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ለጊዜው ያስቃል። ነገ ግን የተማሪ ውጤት በእጃችን የምንይዝ እኛው ነን፤ ያን ጊዜ የሚስቅ አይኖርም።

ጥፋቱን ስንፈልግ ያገኘነው ይኸውና፦ «ከ0 በታች፣ ከ100 በላይ አይግባ» የሚለውን ቁጥጥር በአራት ቦታ ጽፈን አምስተኛውን፣ እርማት የሚገባበትን ረስተነዋል። አንዳንድ ጓደኞቻችን «እዚያም ላይ ይጻፍና ነገሩ ይብቃ» አሉ። እኛ በበኩላችን አንስማማም። ስድስተኛው ነገ ይመጣላ!

ፐርል ለዚህ መላ አለው። ላሪ ዎል ቋንቋውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን፣ በ1994 የወጣው ፐርል 5 «ታይ» የሚባል ትእዛዝ ይዞ መጣ፤ «እሰር» እንደ ማለት ነው። አንድን ተለዋዋጭ ከአንድ ክላስ ጋር ያስራል። (ክላስ ስንል የምንማርበትን ክፍል አይደለም፤ መረጃንና በመረጃው ላይ የሚሠሩትን ንኡስ ፕሮግራሞች አንድ ላይ የያዘውን ነው።) ለአንድ ነጠላ ተለዋዋጭ ዋናዎቹ ንኡስ ፕሮግራሞች ሦስት ናቸው። ታይስካላር ተለዋዋጩ ሲታሰር ይጠራል፤ ፌች ዋጋው ሲነበብ፤ ስቶር ደግሞ አዲስ ዋጋ ሲሰጠው። ከዚያ በኋላ ተጠቃሚው እንደ ወትሮው የእኩል ይሆናል ምልክት አድርጎ ቁጥሩን ይጽፋል፤ ፐርል ግን ቁጥሩን ዝም ብሎ አያስቀምጥም፣ ስቶርን ይጠራል። ስቶር ውስጥ ቁጥጥሩን አንድ ጊዜ ከጻፍን፣ ውጤቱ በአምስት ቦታ ቢሞላ በሃምሳ፣ ዘበኛው ያው አንድ ነው። የሙሉ ክፍል ውጤት በሐሽ ለሚይዝም ታይሐሽ አለለት፤ እዚያ ግን የሚጻፈው ንኡስ ፕሮግራም ይበዛል።

አንድ መምህራችን ይህን ሲሰሙ «ላዩ ተራ ተለዋዋጭ፣ ውስጡ ሌላ ሥራ! አንባቢውን ማታለል አይሆንም ወይ?» አሉን። እውነት አላቸው። ፌች በተነበበ ቁጥር አንድ እንዲጨምር ተደርጎ ቢጻፍ፣ ያንኑ ተለዋዋጭ ሁለት ጊዜ አትመን ሁለት የተለያየ ቁጥር እናገኛለን። እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ሌላ ሰው ተረክቦ ሲያርም ያለበትን አበሳ አስቡት። ፍጥነትም ይቀንሳል፤ እያንዳንዱ ንባብ የንኡስ ፕሮግራም ጥሪ ነውና። ይህኛው ለአንድ ክፍል ውጤት ብዙም አያሳስብም፤ የመጀመሪያው ግን ያሳስባል። ስለዚህ የታሰረ ተለዋዋጭ ሁሉ ከጎኑ «ታስሯል» የሚል ማስታወሻ ይጻፍበት፤ ፌችም ያንብብ እንጂ ምንም አይለውጥ። ይህ ከተጠበቀ ትምህርቱ ለእኛ ለሠልጣኞች ይከብዳል ተብሎ ባይዘለል እንወዳለን። ክላስን በቃል ከመሸምደድ አንድ 755 ሲመለስ ማየት ይሻላል።

ፕሮግራሟን እንደገና ጽፈናታል። መጀመሪያ «ዳይ» ብለን ብናስቆማት የጠቆመችን የዘበኛውን መስመር ነበር፤ ለአራሚው ምን ይጠቅመዋል? በ«ክሮክ» ስንተካው ቁጥሩ የገባበትን መስመር ነገረችን። አምስተኛው ቦታ፣ ያው የረሳነው።