ሶዶን ማን ቆረቆራት? ለልጆቻችን እንንገራቸው

ወላይታ ድቻ በሚጫወትበት ቀን ሶዶ ውስጥ የወተት ጥርሱ ያልወለቀ ልጅ ሳይቀር «የጦና ንቦች!» እያለ ይጮኻል። ክለቡ በ2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክን ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ባሰናበተ ጊዜማ ደስታው ልክ አልነበረውም። ልጁን ጦና ማን እንደሆኑ ብትጠይቁት «ንጉሥ ናቸው» ይላችኋል። ንጉሡ ምን ሆኑ? ከተማችንን ማን ቆረቆራት? ጎረቤት ያሉት ሰዎች አያት ከየት መጡ? እዚህ ላይ ሲደርስ ልጁ ዝም ይላል፤ ዝም የሚለውም እኛ ስላልነገርነው ነው። ስለዚህ የሶዶና የመላው ወላይታ ዞን ወላጆች፣ መምህራንና ሽማግሌዎች ሆይ፣ ልጆቻችን አራተኛ ክፍል ሳይደርሱ የከተማቸውን አመሠራረት ከእኛው አፍ ይስሙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው የመሩት ጦር ወላይታ ገባ። ንጉሡ ካዎ ጦና ተዋጉ፤ ቆስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ። ከጦሩ ጋር የተጓዘው ፈረንሳዊ ነጋዴ ቫንደርሄይም የሞተውን ሰውና የተነዳውን ምርኮ በዓይኑ አይቶ፣ በ1896 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎታል። በዳሞታ ተራራ ግርጌ ወታደር ሰፍሮ፣ ሶዶ የአስተዳደር መቀመጫ ሆና ያደገችው ከዚያ በኋላ ነው። የሰፈረው ወታደር ደመወዙ ገበሬው ነበር። ገባሩ ለመልከኛው እህል ይሸከማል፣ አጥር ያጥራል፣ ቤት ይሠራል፤ ሚስቱ ዱቄት ትፈጫለች። የዚያ ሥርዓት የመጨረሻ ሥር የተነቀለው በ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

የካቲት 23 በመጣ ቁጥር ልጆቻችን ጎፈር አድርገው፣ ጋሻ ይዘው ዓድዋን ያከብራሉ። ማክበራቸውም የተገባ ነው። የወላይታ ዘመቻና የዓድዋ ጦርነት ግን የሚራራቁት በአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱም ያው ናቸው። አንዱን በከበሮ፣ ሌላውን በሹክሹክታ የምናስተምር ከሆነ ልጁ አድጎ ሁለቱን ሲያገጣጥም የሚያጣው በእኛ ላይ ያለውን እምነት ነው።

«ሕፃን ስለ ጦርነት ሰምቶ ምን ሊሆነው?» የሚሉ ወላጆች አሉ፤ ስጋታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ልጁ መስማቱ አልቀረም። በትልልቆቹ ስልክ ከቲክቶክ ይሰማል፤ በእረፍት ሰዓት አንዱ ልጅ ሌላውን «ነፍጠኛ» ሲለው፣ ያኛውም የባሰ ቃል ሲመልስለት ይሰማል። ቃሉን የወረሰው ከነመርዙ ነው፤ ታሪኩን ግን ማንም አልሰጠውም። ለስድስት ዓመት ልጅ እልቂቱን በዝርዝር መተረክ አያስፈልግም። እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «ድሮ እዚህ ካዎ ጦና የሚባሉ ንጉሥ ነበሩ። ከሰሜን ሌላ ንጉሥ ብዙ ጦር ይዘው መጡ። ካዎ ጦና አገራቸውን ለማዳን ተዋጉ፤ ግን ተሸነፉ። ብዙ ሰው ሞተ፤ ብዙ ሰው አለቀሰ። ከዚያ ወታደሮቹ እዚህ ቤት ሠሩ። የእኛ ገበሬዎችም ሳይወዱ በግድ ሠሩላቸው። ቆይቶ ልጆቻቸው አብረው ተማሩ፣ ተጋቡም። ያ ግዳጅ ልክ አልነበረም፤ አሁን ቀርቷል።» ልጁ ይጠይቃል፤ እንመልሳለን። አልቅሶም ከሆነ እናቅፈዋለን።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚነገር አለ፤ ለእኛ ለራሳችን የሚከብደን ክፍልም ይኸው ነው። የጦና ሥርወ መንግሥት ትግሬ ማላ ይባላል፤ በትውፊቱም ዘሩን የሚቆጥረው ከትግራይ ከመጣ ሰው ነው። ከሰሜን ሰው ሲመጣ የ1887ቱ የመጀመሪያው አልነበረም ማለት ነው። ወላይታ ከመወረሩ በፊትም በካዎዎቹ ዘመን ባርነት ነበር። ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩ ከሌላው ጋር እንዳይጋባ፣ በአንድ ማዕድ እንዳይበላ ተደርጎ ኖሯል፤ ንቀቱ ዛሬም ከየመንደሩ አልጠፋም። የሶዶ ቤት ሁሉ እንጀራ የጋገረውና ወጥ የሠራው በእነዚህ ሰዎች ምጣድና ድስት ነው። መሥራቾቻችን ስንል እነሱን ካላስገባን፣ በእኛ ላይ የተሠራብንን እየቆጠርን እኛ የሠራነውን ደበቅን ማለት ነው።

መሥራች ሁሉ ጠመንጃ ይዞ አልመጣም። በ1920 ዓ.ም. የመጡት የኤስ.አይ.ኤም. ሚስዮናውያን በኦቶና ሕክምናና ትምህርት ጀመሩ፤ ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ኦቶና እየተባለ የሚጠራው ከዚያ የተነሣ ነው። ኋላ ደግሞ በደጃዝማች ወልደ ሰማያት አስተዳደር ዘመን፣ ቀጥሎም በወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ደጋው ላይ መሬት የጠበባቸው ገበሬዎች ወደ አባላና ወደ በሌ ቆላ ወርደው ወባውንና ቆላ ዝንቡን ተቋቁመው መንደር መሠረቱ። እነዚያን መንደሮች የቆረቆሩ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ የአባላ ልጅ መሥራቹን ለማግኘት መጽሐፍ ሳይሆን የአያቱን በር ያንኳኳ።

ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ ያስፈልገናል፤ ግን ከላይ ተጽፎ የሚወርድ አይሁን። በ1992 ዓ.ም. «ወጋጎዳ» በሚባል፣ አራት ሕዝቦችን በአንድ ቋንቋ ለማስተማር በተዘጋጀ መጽሐፍ ምክንያት ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ መጽሐፎቹም ተሰብስበዋል። የልጆች መማሪያ በዚህ ከተማ ደም ያፈሰሰ ጉዳይ ነውና ሕዝቡ ሳይጠየቅ አንድ ገጽ አይታተም። በሌላ አገርም እንዲህ ያለ ሥራ ተጀምሯል፤ ኒውዚላንድ የእንግሊዝ ሰፋሪዎችን አመጣጥና ማኦሪዎች ያጡትን መሬት የሚጨምር የአገር ታሪክ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገና ከአንደኛ ክፍል ግዴታ አድርጋለች።

ወላጆች ሆይ፣ የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ሲደርስ ከአዲስ አበባ ከሊስትሮው እስከ ነጋዴው ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ሥጋው በዳጣ እየተበላ፣ ሙቹዋው እየቀረበ አያት ያለበት ጨዋታ ይደራል። ከዚያ ምሽት ግማሽ ሰዓት ለልጆቹ ስጡ። ጎሳቸውን ብቻ አትንገሯቸው፤ ማላም ሆነ ዶጋላ፣ ቤተሰቡ ከየት መጥቶ የት እንደሰፈረ፣ ማን ለማን እንደገበረ ተርኩላቸው። አያቶቻችሁ ከጦሩ ጋር የመጡ የሶዶ ቤተሰቦች ሆይ፣ እናንተም ዝም አትበሉ። ሳጥን ውስጥ ያለውን የድሮ ፎቶግራፍ፣ የርስት ወረቀትና ደብዳቤ አውጡ፤ ልጆቻችሁ በአያት ሥራ እንዳያፍሩ ማድረግ የሚቻለው ሥራውን በመደበቅ ሳይሆን በሙሉ በመንገር ነው። የአጸደ ሕፃናትና የአንደኛ ደረጃ መምህራን፣ ልጆቹን ወደ ዳሞታ ግርጌና ወደ ካዎ አማዶ ካብ ይዛችሁ ውጡ፤ ድንጋዩን በእጃቸው ይንኩት። የቃለ ሕይወት፣ የኦርቶዶክስና የካቶሊክ አባቶች፣ የሰንበት ትምህርት ቤቶቻችሁ በር ለዚህ ይከፈት።

የዞኑ ትምህርት መምሪያና የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራን ደግሞ ሕዝቡን በጉታራ አዳራሽ ጠርተው፣ ረቂቁን በወላይትኛና በአማርኛ አንብበው ያሰሙ፤ ይታረም፣ ይሟገቱበት፣ ከዚያ ይታተም። ለዚያ ስብሰባ ከማንም በፊት መጠራት ያለባቸው በገባርነት ዘመን ለአቅመ አዳም የደረሱ አዛውንት ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባውን አልፏል፤ ቀጠሮውን ለከርሞ አናስተላልፍባቸው።