ዛቻን በሶብር ስም አንዋጠው

ሰሞኑን ከጁምዓ ሶላት በኋላ የሚሰማው ነገር ተመሳሳይ ነው። አንዱ ወንድም “ደወሉልኝ” ይላል። ሌላው “መንገድ ላይ አስቁመው ስምህ ተመዝግቧል አሉኝ” ይላል። ሦስተኛው ምንም አይልም፤ ከመስጂድ ግን ቀርቷል። እኔ በማስተምርበት መድረሳ አንድ አባት ሁለት ልጆቹን በድንገት አስቀረ። ምክንያቱን ስንጠይቀው ከብዙ ልመና በኋላ ነው የተናገረው፤ “ልጆችህን እዚያ መላክ ካላቆምክ ንግድ ፈቃድህን እርሳው” ያለው ሰው አለ። ማን እንደሆነ፣ ቀኑ መቼ እንደነበር፣ አብሮት ማን እንደቆመ ብጠይቀው፣ “ኡስታዝ፣ ለአላህ ሰጥቼዋለሁ፤ ሶብር ነው” አለኝ።

ለአላህ መስጠቱ መልካም ነው። ነገር ግን ሶብር ማለት ዝም ማለት ነው ያለን ማነው? በመካ፣ ከነቢይነት በፊት፣ ከየመን የመጣ አንድ ነጋዴ ለአንድ የቁረይሽ ሹም የሸጠውን ዕቃ ዋጋ ተከለከለ። ነጋዴው እንግዳ ነበር፤ ዘመድም አልነበረውም። ሆኖም ተራራ ላይ ወጥቶ በደሉን በሁሉም ፊት ጮኸ። በዚህ ምክንያት ጎሳዎቹ በአብደላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት ተሰብስበው የተበደለ ሁሉ መብቱ እስኪመለስለት ከጎኑ እንቆማለን ብለው ቃል ተጋቡ። ሒልፈል ፉዱል የሚባለው ይኸው ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በወጣትነታቸው ተገኝተውበታል፤ በኋላም በእስልምና ዘመን ቢጠሩበት እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል። ያ ነጋዴ ሶብር አጥቶ አልነበረም የጮኸው፤ አቤት የሚልበት ቦታ ፈልጎ ነው።

የእኛ አገር ሕግም አቤት የሚባልበት ቦታ አስቀምጧል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 580 ሰውን ከባድ ጉዳት ይደርስብሃል ብሎ ማስደንገጥን ወንጀል አድርጎታል፤ እስከ 6 ወር ቀላል እስራት ወይም እስከ 500 ብር መቀጮ ያስቀጣል። ያ አባት የደረሰበት፣ ሰውን አስፈራርቶ መብቱን ማስተው፣ አንቀጽ 582 ላይ ይገኛል። የዛተው የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆንስ? ተጠርጣሪን ወይም እስረኛን የሚመረምር ሹም ቃል ለማውጣት ቢዝትበት በአንቀጽ 424 ራሱ ተከሳሽ ይሆናል። መታወቂያ ደብተር ኪስ ውስጥ ስላለ ዛቻ ሕጋዊ አይሆንም።

አንድ ነገር ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። የአንቀጽ 580 ዛቻ የሚያስቀጣው የተዛተበት ሰው ራሱ አቤቱታ ሲያቀርብ ነው። ጊዜውም ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 3 ወር ብቻ ነው። “እስቲ ይለፍ፣ እናያለን” እያልን የምናሳልፈው እያንዳንዱ ወር ለዛቹ የተሰጠ ስጦታ ነው።

“ዳኛውም ፖሊሱም የእነሱ ነው፤ ለማን እንከሳለን?” የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፤ ከባዶ ተነስቶ የተባለም አይደለም። የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴያችን አባላት በሕግ አግባብ ጥያቄ አቅርበው በሐምሌ 2004 ታሰሩ። በጥቅምት 2005 በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ተከሰሱ። ጉዳያቸውም ከሠፈራችን በእግር በሚደረሰው ልደታ፣ በዝግ ችሎት ይታይ ነበር። ጥር 28 ቀን 2005 ቴሌቪዥኑ “ጂሃዳዊ ሐረካት” የተባለውን ፊልም አሳየን። ፍርድ ቤቱ እንዳይተላለፍ አግዶት ነበር፤ ጠበቆቻቸው ጠይቀው ያገኙት እግድ ነው። እግዱ ተጣሰ። ታዲያ እግዱን መጠየቁ ከንቱ ነበር? እኔ አይመስለኝም። ባይጠይቁ ኖሮ ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ መጥፎ ፊልም ብቻ ነበር፤ ስለጠየቁ ግን ሕግ የጣሰው ማን እንደሆነ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ወረቀት ይቆያል።

ስለዚህ እንጻፍ። የቁርኣን ረጅሟ አያ ስለ ብድር መጻፍና ስለ ምስክር የምትናገር መሆኗን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ይገረማሉ፤ ለጥቂት ዲርሃም መጻፍ ከታዘዝን ለነፍሳችንና ለልጆቻችንማ! ስልክ ሲደወል ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የተባለውንም እንደተባለው ያኔውኑ በወረቀት አስፍሩ። የጽሑፍ መልእክት ከሆነ አታጥፉት። አጠገባችሁ የነበረውን ሰው ስም ያዙ። ከዚያ ጣቢያ ብቻችሁን አትሂዱ፤ አንድ ሽማግሌ ወይም የመስጂድ ኮሚቴ አባል ይከተላችሁ። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 14 አቤቱታችሁ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ ተነቦላችሁ፣ ቀን ተጽፎበት እንድትፈርሙ ያዛል። ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ። ዐቃቤ ሕግ ማስረጃው አይበቃም ብሎ ክስ አልመሠርትም ቢል፣ በአቤቱታ በሚያስቀጣ ወንጀል ራሳችሁ እንድትከሱ በጽሑፍ ፈቃድ መስጠት አለበት፤ አንቀጽ 44 ነው። የሰብአዊ መብት ኮሚሽንና የእንባ ጠባቂ ተቋምም አቤቱታ ያለ ክፍያ ይቀበላሉ፤ ቢያንስ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዛችሁ ትወጣላችሁ።

መጥሪያና ዛቻንም እንለይ። መርማሪ ፖሊስ ሰው ሲፈልግ በጽሑፍ መጥሪያ ይጠራል። በስልክ “ና፣ ያለበለዚያ…” የሚል ድምፅ መጥሪያ አይደለም። መጥሪያው በእጃችሁ ከደረሰ ግን አትሽሹ፤ ለቤተሰብ ተናግራችሁ ሂዱ። ከተያዛችሁ የተያዛችሁበትን ምክንያት ወዲያው በሚገባችሁ ቋንቋ መስማት፣ ዝም ማለት፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ መብታችሁ ነው። ያ ሰዓት ካለፈ እናንተ ወይም ስለ እናንተ ሌላ ሰው አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። በ2005 ሥራ ላይ የነበረው የፀረ ሽብር አዋጅ የምርመራውን ቀጠሮ በ28፣ 28 ቀን እስከ 4 ወር ይለጥጠው ነበር፤ 48 ሰዓቷን ግን አልሰረዛትም፤ እሷ ሕገ መንግሥት ውስጥ ናት።

ለወጣቶቻችን አንድ ነገር ልጨምር። ዛቻን በዛቻ የሚመልስ ሰው ደዋዩ የፈለገውን ነው የሚሰጠው። አንቀጽ 580 ሙስሊም ከሳሽና ሙስሊም ተከሳሽ አይለይም። “እናሳይሃለን” የምትል አንዲት መልእክት የአንድ ዓመት ሰላማዊ ጥያቄያችንን በችሎት ልታስጠይቅ ትችላለች። በዲናችንም ሙስሊምን ማስደንገጥ፣ በቀልድ እንኳ፣ አልተፈቀደም።

ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 17 እስከ 21 ያሉት የታሰረና የተከሰሰ ሰው መብቶች ናቸው። አምስት አንቀጽ ብቻ። በእኛ መድረሳ ትልልቆቹ ተማሪዎች እሁድ ከዙህር በኋላ ድምፅ አውጥተው ማንበብ ጀምረዋል፤ አንቀጽ 19 ላይ ደርሰናል።