ስለ ቤተ ሰብ ጤና፤ የተሰበረ እግርና የጎልፍ ሜዳ

ጎልፍ የተባለውን ጨዋታ ከሩቅ የተመለከተ ሰው ሥራው ሁሉ የክንድና የዓይን ይመስለዋል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ጨዋታው የእግር ነው። አንድ ሙሉ ጨዋታ 18 ጉድጓድ አለው፤ በትልልቆቹ ሜዳዎች ከመጀመሪያው መነሻ እስከ መጨረሻው ጉድጓድ ያለው ርቀት ከ6 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ኳሷን ተከትሎ ወዲያና ወዲህ የሚባለው ሲጨመርበት ተጫዋቹ በአንድ ጨዋታ 8 ኪሎ ሜትር ያህል፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበልጥ፥ ዳገቱንና ቁልቁለቱን በእግሩ ይሄዳል። መሄዱ ብቻ አይደለም። ቀኝ እጁ የሚቀናው ተጫዋች ዱላውን ወደ ኋላ ሲያነሣ ክብደቱ በቀኝ እግሩ ላይ ያርፋል፤ ኳሷን ሲመታ ደግሞ ያ ክብደት ሁሉ ወደ ግራ እግሩ ይዞርና ጉልበቱንም ቁርጭምጭሚቱንም ይጠመዝዛል። እንግዲህ እግሩ የተሰበረ ሰው ወደዚህ ሜዳ እመለሳለሁ ሲል ምን ማለቱ እንደ ሆነ ማሰብ ነው።

በዚህ ወር ይህን ያነሣነው ስለ ጨዋታው ብለን አይደለም። ጎልፍ በአገራችን የጥቂት ሰዎች ጨዋታ ነው። የተሰበረ እግር ግን በየቤቱ አለ፤ በመኪና አደጋ፥ ከሕንፃ ሥራ ላይ በመውደቅ፥ በደረጃ ላይ በመንሸራተት አልጋ ላይ የዋለ ወንድም ወይም እኅት የሌለው ቤተ ሰብ ጥቂት ነው። ጠያቂ ሁሉ ገብቶ «እግዚአብሔር ይማርህ» ካለ በኋላ የሚያስከትለው ጥያቄ አንድ ነው፤ እንደ ቀድሞህ የምትሆነው መቼ ነው? የሚለው። ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ቢሆንም በሽተኛውን እጅግ ያስጨንቀዋል። የአንድ ታላቅ የጎልፍ ተጫዋች ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ከብዙ ምክር የተሻለ መልስ ስላለው እንተርከዋለን።

ቤን ሆገን በአሜሪካ በቴክሳስ የተወለደ፥ አንጥረኛ አባቱ በልጅነቱ የሞተበት፥ ጋዜጣ እየሸጠና የሌሎችን የጎልፍ ዱላ እየተሸከመ ያደገ ሰው ነበር። ጨዋታውን የተማረው በትዕግሥት ነው፤ ባለሙያ ተጫዋች ከሆነ በኋላ እንኳ ብቻውን የመጀመሪያውን ድል ለማግኘት 10 ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። በ36 ዓመቱ በአገሩ ካሉት ተጫዋቾች ሁሉ የላቀ ተብሎ በተነገረበት ወራት፥ ጥር 25 ቀን 1941 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1949) ከሚስቱ ከቫለሪ ጋር በኦቶሞቢል ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ጉም ነበረ። በቫን ሆርን ከተማ አጠገብ በጠባብ ድልድይ ላይ ሲደርሱ፥ አንድ ትልቅ የመንገደኞች አውቶቡስ የጭነት መኪና ለመቅደም ሲል ፊት ለፊት መጣባቸው። ሆገን መሪውን ለቆ ሚስቱን ለማዳን በላይዋ ተደፋባት። የመሪው ብረት እርሱ ተቀምጦበት የነበረውን ወንበር በስቶ ስላለፈ፥ ሚስቱን ሊያድን ያደረገው ነገር የራሱን ነፍስ አተረፈለት። እርስዋ በጥቂት ቁስል ዳነች።

እርሱ ግን የዳሌው አጥንት በሁለት ስፍራ ተሰበረ፤ የግራ ቁርጭምጭሚቱ፥ የአንገቱ ሥር አጥንትና አንድ የጎን አጥንቱም ተጎዱ። በኤል ፓሶ ከተማ ሆስፒታል ተኝቶ አጥንቱ ሊጠገን ሲጀምር የባሰው ነገር መጣ። ሰው ሳይንቀሳቀስ ብዙ ቀን ሲተኛ በእግር ሥሮች ውስጥ ያለው ደም ይዘገያል፤ ይረጋል፤ የረጋውም ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ በድንገት ይገድላል። በሆገን ላይ የደረሰው ይኸው ነበር። የታወቁት ቀዶ ጠጋኝ ዶክቶር ኦክስነር ከኒው ኦርሊንስ በአየር ኃይል አውሮፕላን መጥተው፥ ከእግሮቹ ወደ ልቡ ደም የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር አሰሩት። የረጋው ደም እንዳያልፍ መንገዱ ተዘጋ፤ ነፍሱም ተረፈች። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የእግሮቹ ደም የሚመለሰው በትንንሾቹ ሥሮች በኩል ብቻ ስለ ሆነ፥ ብዙ በቆመና በሄደ ቁጥር እግሮቹ ያብጡ ነበር። ይህም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልለቀቀውም።

በዛሬው ዘመን ሐኪሞች ደምን የሚያቀጥን መድኃኒት ይሰጣሉ፤ በሽተኛውንም በሚቻለው ፍጥነት ከአልጋው ያስነሡታል። ስለዚህ ነርሷ በቀዶ ጥገናው ማግሥት መጥታ ተነሥ ስትለው ቤተ ሰቡ ጨከነችበት ብሎ ማዘን አይገባውም። ከታከመው እግር ባቱ በድንገት ቢያብጥና ቢያም፥ ወይም በሽተኛው ትንፋሽ ቢያጥረውና ደረቱን ቢወጋው፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። እግረ መንገዳችንን ስለ ወጌሻም አንድ ነገር እንበል። አባቶቻችን በወጌሻ ብዙ ተጠቅመዋል፤ ሙያውንም አንንቅም። ነገር ግን የተሰበረ እግር እጅግ ጠብቆ ሲታሰር ደም ይቋረጥና ሥጋው ይሞታል፤ በዚህም ምክንያት ሊድን የሚችል እግር የተቆረጠባቸው ሰዎች፥ ከእነርሱም መካከል ሕፃናት፥ በየሆስፒታሉ ታይተዋል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፥ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ እሥራቱን በዚያው ሰዓት ማላላትና ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያስፈልጋል።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ሆገን ሁለት ወር ያህል በሆስፒታል ከተኛ በኋላ ወደ ፎርት ወርዝ ቤቱ ገባ። ዳግመኛ ጎልፍ መጫወቱ ይቅርና በደንብ መራመዱ ያጠራጥር ነበር። የዓለም ጋዜጦች ሁሉ ስለ እርሱ ሲጽፉ፥ የእርሱ ሥራ በእንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ መዞር ነበር። ዛሬ ይህን ያህል ዙር፥ ነገ ከዚያ አንድ የሚበልጥ። ከክፍሉ ወደ ግቢው፥ ከግቢው ወደ መንገዱ ወጣ። በመስከረም 1942 የአሜሪካ ቡድን ወደ እንግሊዝ አገር ለውድድር ሲሄድ እየተመረኮዘ አለቃ ሆኖ ሄደ፤ ራሱ አልተጫወተም፤ ቡድኑ ግን አሸነፈ። ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ በአጭሩ ይታለፋል፤ እኛ ግን ከድሎቹ ሁሉ ይልቅ ይህን እናደንቃለን። ገና መጫወት የማይችል ሰው እስኪድን ድረስ በቤቱ ተሸሽጎ አልተቀመጠም፤ በሚችለው ነገር ለወዳጆቹ ጠቀመ። በቤታችንም እግሩ የታሰረ አባት የልጆቹን ትምህርት ሊያስጠና፥ የእድሩን መዝገብ ሊጽፍ ይችላል። ሥራ የተሰጠው በሽተኛ ቀኑ ያጥርለታል።

በጥር 1942 በሎስ አንጀለስ ውድድር ገብቶ ከሳም ስኒድ ጋር እኩል ወጣ፤ በመለያው ጨዋታ ተሸነፈ። በሰኔም የአሜሪካ ታላቁ ውድድር በፔንሲልቬንያ ክፍል፥ በሜሪየን ሜዳ ሆነ። በዚያን ጊዜ ሥርዓቱ በመጨረሻው ቀን፥ በቅዳሜ፥ 36 ጉድጓድ በአንድ ቀን መጫወት ነበር፤ በሜዳው ልክ ብቻ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው። ሆገን ጠዋት ጠዋት በሞቀ ውሃ ለብዙ ጊዜ ይዘፈዘፍና እግሮቹን ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጭኑ ድረስ በሚለጠጥ ጨርቅ ይጠቀልል ነበር።

ሰኔ 3 ቀን ከሰዓት በኋላ ሲመራ ሳለ፥ በ12ኛው ጉድጓድ መነሻ ላይ ዱላውን እንደ ሰነዘረ እግሩ ተያዘ፤ ሊወድቅም ደረሰ። ከዚያ በኋላ በያንዳንዱ እርምጃ ሕመሙ እየበረታ፥ ያገኘው ብልጫ ጥቂት በጥቂት አለቀ። ወደ 18ኛው ሲደርስ ከሎይድ ማንግረምና ከጆርጅ ፋዚዮ ጋር እኩል ለመሆን ጉድጓዱን በ4 ምት መጨረስ ነበረበት። ለሁለተኛው ምት ለመምታት ከሁሉ የሚያስቸግረውን፥ ቁጥር 1 የተባለውን ብረት ዱላ አነሣ። ዱላውን ሰንዝሮ ቀጥ ብሎ በቆመበት ቅጽበት ሃይ ፔስኪን የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ከኋላው አነሣው፤ ፎቶግራፉም በዚህ ጨዋታ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የታወቀ ሆኖ ይኖራል። ፊቱ አይታይበትም፤ የሚታየው የቆመበት እግር ነው። ኳሷ ለስላሳው ሣር ላይ አረፈች፤ በ4 ምትም ጨረሰ። በማግሥቱ እሑድ ሦስቱ 18 ጉድጓድ እንደገና ሲጫወቱ ሆገን በ69 ምት፥ ማንግረም በ73፥ ፋዚዮ በ75 ጨረሱ። ከአደጋው 16 ወር አልፎ ነበር።

ሰው ሁሉ ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመውና «እንደ ቀድሞው ሆነ» ይላል። እኛ አልሆነም እንላለን። ሆገን ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ከውድድር ወደ ውድድር የሚዞረውን ኑሮ ተወ። በተከታታይ ቀናት ብዙ ጨዋታ የሚጠይቀውን የባለሙያዎች ማኅበር ውድድር፥ ሁለት ጊዜ አሸንፎት ሳለ፥ ለብዙ ዓመታት አልገባበትም። እግሩ የሚችለውን ቆጥሮ፥ ያንኑ ብቻ ሰጠ። በ1945 ዓ.ም. (በ1953 እ.ኤ.አ.) የተጫወተው በስድስት ውድድር ብቻ ነው፤ አምስቱን አሸነፈ፤ ከእነርሱም ሦስቱ ታላላቆቹ ነበሩ። በዕድሜው ካገኛቸው ዘጠኝ ታላላቅ ድሎች ስድስቱ ከአደጋው በኋላ የመጡ ናቸው። የተመለሰው ሌላ እግር ይዞ ነው፤ ያንንም እግር አውቆት ነበር።

ይህንን በእኛ ዘመን ታይገር ዉድስ አስታውሶታል። የካቲት 16 ቀን 2013 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ ከተፈቀደው ፍጥነት እጅግ በላይ ሲነዳ መኪናው ተገለበጠ፤ የቀኝ እግሩ የቅልጥም አጥንቶች ተሰባብረው ቆዳውን ቀደው ወጡ። ሐኪሞች በአጥንቱ ውስጥ የብረት ዘንግ አስገቡ፤ እግሩ ይቆረጥ ይሆን የሚል ሐሳብም ተነሥቶ እንደ ነበረ ራሱ ተናግሯል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከእንግዲህ እንደ ሆገን ጥቂት ውድድሮችን መርጬ እጫወታለሁ እንጂ የዓመት ሙሉ ተጫዋች አልሆንም ሲል አስታወቀ። መጋቢት 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ዳገት በበዛበት በኦገስታ ሜዳ ሲመለስ የመጀመሪያውን ቀን በ71 ምት ጨረሰ፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ግን በያንዳንዳቸው 78 ምት መታ፤ 47ኛም ወጣ። ክንዱ ተመልሶ ነበር፤ እግሩ ግን አራት ቀን ሊሸከመው አልቻለም። በዓመቱ ቁርጭምጭሚቱ ሥር ያለው መገጣጠሚያ እንዲያያዝ ዳግመኛ ተቀደደ።

በእነዚህ ሰዎች አጠገብ የኬሲ ማርቲን ስም ሊነሣ ይገባል። ከልደቱ ጀምሮ በቀኝ እግሩ የደም ሥሮች ታማሚ ስለ ነበረ በትንሽ መኪና እየሄድሁ ልጫወት ብሎ ጠየቀ። የውድድሩ ማኅበር በእግር መሄድ ከጨዋታው አይለይም ብሎ ከለከለው። ነገሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በግንቦት 1993 ዓ.ም. ሰባት ዳኞች ለእርሱ፥ ሁለቱ በእርሱ ላይ ፈረዱ። ዉድስ በበኩሉ በዋናዎቹ ውድድሮች በመኪና አልጫወትም ብሏል። የሁለቱም አሳብ ክብር አለው፤ ነገር ግን የማርቲን ልመና ከስንፍና የመጣ ነው የሚል ሰው ካለ እግሩን አላየም። ያ እግር በጥቅምት 2014 ተቆርጧል።

በቤተ ክርስቲያናችንም ቁመት የጸሎት ክፍል ስለ ሆነ ይህ ጉዳይ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እግራቸው ገና ያልጠና ምእመናን ዲያቆኑ የተቀመጡትን ተነሡ ሲል ከሰው ዓይን አፍረው ይቆማሉ፤ አንዳንዶችም አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ቆመው መጸለያቸውን እያነሡ ራሳቸውን ይወቅሳሉ። የጻድቁ ተጋድሎ የጻድቁ ነው፤ ለስብራት መለኪያ አልተሰጠም። አባቶቻችን በማሕሌት መቋሚያ የያዙት ሥጋ እንደሚደክም ስለሚያውቁ ነው። ታማሚው በመቀመጫ ይቀመጥ፤ በመጀመሪያው እሑድ ለወንጌል ብቻ ይቁም፤ በሚቀጥለው ጥቂት ይጨምር። የጎልፍ ተጫዋቹም የሚመለሰው እንዲሁ ነው፤ አስቀድሞ በለስላሳው ሣር ላይ ኳሷን በቀስታ መግፋት፥ ቀጥሎ አጫጭሩን ምት፥ ከዚያ ረጅሙን፤ ከ18 በፊትም 9 ጉድጓድ። አጥንቱ በራጅ ፎቶግራፍ ገጥሞ ቢታይም ጡንቻው ገና ቀጭን ነውና የሐኪሙን ፈቃድ መጠበቅ ግድ ነው።

ሆገን በ47 ዓመቱ፥ በሰኔ 1952 ዓ.ም.፥ በዴንቨር ከተማ አጠገብ እንደገና በአንድ ቀን 36 ጉድጓድ ለመጫወት ወጣ። አብሮት የተመደበው የ20 ዓመቱ ወጣት ጃክ ኒክላውስ ነበር። በ34ቱ ጉድጓዶች ኳሷን ሳይስት በለስላሳው ሣር ላይ አሳረፈ። ከፍጻሜው በፊት ባለው ጉድጓድ፥ ከመሪው ጋር እኩል ሆኖ ሳለ፥ ኳሷ ሣሩን ነክታ ወደ ኋላ ተንከባለለችና ውሃ ውስጥ ገባች። አንድ ጫማውን አወለቀ፤ ሱሪውንም ጠቅልሎ እግሩን ውሃው ውስጥ አስገብቶ መታት። በዚያ ቀን አላሸነፈም፤ 36ቱንም ግን በእግሩ ጨረሰ።