የማን ሰዓት? የማን ቅርስ?

ሰሞኑን በየዶርሙና በየሻይ ቤቱ የሚሰማው ወሬ የእጅ ሰዓት ወሬ ነው። ሮሌክስ፣ ኦሜጋ፣ ዜኒት፣ ፓቴክ ፊሊፕ! ዋጋውን ቀርቶ ስሙን በቅጡ የማይጠራው ሁሉ «ይኼ እኮ ታሪክ ያለው ሰዓት ነው፤ ቅርስ ነው» ይለናል። ሦስት ትንንሽ ክብ የተሳለበትን፣ ክቦቹ ግን የማይዞሩትን የገበያ ሰዓት አስሮ ክንዱን ከፍ አድርጎ የሚሄደውማ ስንቱ ነው! ሰዓት ባሰረ ሁሉ ላይ ጠብ የለንም። የሚያናግረን «ቅርስ» የምትለው ቃል ናት። ማነው ቅርስ የሚላት? ለማን ብሎ?

ክሮኖግራፍ ማለት በግሪክኛ ጊዜን የሚጽፍ ማለት ነው። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣለትም። ፈረንሳዊው ኒኮላ ሪዩሴክ እ.ኤ.አ. በ1821 ፓሪስ ውስጥ በፈረስ ግልቢያ ላይ የሞከረው መሣሪያ በሰሌዳው ላይ የቀለም ነጥብ እያኖረ ጊዜውን ይመዘግብ ነበር። ለረጅም ዘመን «የመጀመሪያው ክሮኖግራፍ ይህ ነው» ሲባል ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን ሉዊ ሟኔ የሚባለው ሰው ሥራውን በ1816 የፈጸመው ሌላ መሣሪያ መኖሩ ይፋ ሆነና የልደቱ ቀን ተለወጠ። አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል! አይነቃነቅም የተባለው ታሪክ አንዲት አሮጌ ዕቃ ስትገኝ ተነቃነቀ።

ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረን የዜኒት ነገር ነው። ይህ የስዊዝ ፋብሪካ ኤል ፕሪሜሮ የተባለውን በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ ክሮኖግራፍ በ1969 እ.ኤ.አ. አወጣ። በዚያው ዓመት ማብቂያ የጃፓኑ ሴይኮ በኳርትዝ የሚሠራ የእጅ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የስዊዝ ሰዓት ሠሪዎች መንደሮች በሥራ አጥ ተሞሉ። በ1975 ፋብሪካውን የያዘው የአሜሪካ ኩባንያ የጥንቱ ዓይነት ሰዓት መሥራት ይቁም፣ መሣሪያውም ይወገድ ብሎ አዘዘ። ሻርል ቬርሞ የተባለ ሠራተኛ ግን ትእዛዙን ጥሶ መሣሪያዎቹን ጣራ ሥር ሸሸጋቸው። ከዓመታት በኋላ ያ ሞተር ዳግም የተሠራው እሱ በደበቀው ዕቃ ነው። ሮሌክስ እንኳ ከ1988 ጀምሮ ለዴይቶና ሰዓቱ ይህንኑ ሞተር አሻሽሎ ተጠቅሞበታል። እንግዲህ ፍረዱ! ባለቤቱ በኪሳራው ቀን «ቁርጥራጭ ብረት» ያለውን፣ በትርፉ ቀን «ቅርስ» አለው። ቅርስነቱን በሁለቱም ቀን ያወቀው ያ ሠራተኛ ብቻ ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። በኅዳር 2010 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ጄኔቫ ላይ በጨረታ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ተሸጠ። ከዚያ ቀደም እ.ኤ.አ. በ2015 ለጨረታ ቀርቦ ሳለ ከንጉሣውያኑ ቤተሰብ በኩል የባለቤትነት ጥያቄ ስለተነሣ ተመልሶ ነበር። ሰዓቱ ክሮኖግራፍ አይደለም፤ «ዘላለማዊ» የሚባል ቀን መቁጠሪያ ያለው ነው። የካቲታቸው 28 ይሁን 29 ሳይነግሩት ያውቃል። ጳጉሜን ግን አያውቅም! አሥራ ሦስተኛ ወር ያለው ሕዝብ ንጉሥ አሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚቆጥር «ዘላለም» በእጁ አሰረ። የጄኔቫው መርፌ ሰባት ላይ ሲያርፍ የሚኤሶ ሰው «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት» ይላል። ታዲያ ያ ሰዓት የሚቆጥረው የማንን ዘመን ነው?

አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገባ። የዚያን ኦሊምፒክ ሰዓት የያዘው ኦሜጋ ነበር። ኩባንያው የኦሊምፒክ ታሪኩን በኩራት ይተርካል፤ ይተርክ። ነገር ግን ያቺን ደቂቃ ዋጋ የሰጣት መርፌው ነው ወይስ እግሩ?

ሚኤሶም ከስዊዝ ጋር ዝምድና አላት፤ ይህን የሚያወራ ግን የለም። በ1894 እ.ኤ.አ. ከአፄ ምኒልክ የምድር ባቡሩን ፈቃድ የተቀበለው ኢንጂኒየር አልፍሬድ ኢልግ የስዊዝ ሰው ነበር። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ሚኤሶም በመካከሉ ጣቢያ ሆነች። ያን ሐዲድ የዘረጋውና የጠበቀው ሠራተኛ፣ ሌሊት ፋኖስ ይዞ ባቡር የሚጠብቀው ጠባቂ፣ ወተትና ፍየል ይዞ ፉጨት የሚያዳምጠው የኦሮሞና የሶማሌ አርብቶ አደር፣ ጊዜን በጆሮው ነበር የሚያነበው። ያ ባቡር ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መመላለሱን ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። አዲሱ መስመር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ሁለቱ የቻይና ተቋራጮች ሥራቸውን የተከፋፈሉት እዚችው ሚኤሶ ላይ ነው፤ አንዱ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ፣ ሌላው ከሚኤሶ እስከ ደወሌ። የድሮውን ጣቢያ ፋኖስ «ቅርስ» ብሎ ጨረታ ያወጣለት ግን አልሰማንም።

ደግሞስ ሚኤሶና ጭሮ ጊዜን አያውቁም ያለ ማነው? ጫት ጭኖ ቁልቁለቱን የሚወርደውን ሾፌር ጠይቁት! ቅጠሉ በጠወለገ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል፤ ለሱ እያንዳንዷ ደቂቃ ገንዘብም ናት፣ አንዳንዴም ነፍስ ናት። በአዛን ተነሥቶ ግመሉን የሚያሰማራው፣ በአሰቦት ገዳም ሌሊቱን በሰዓታት የሚቆመው፣ ሁሉም የጊዜ ሥርዓት አለው። የስዊዝ ማኅተም ስለሌለበት ብቻ ቅርስ አይባልም?

«እናንተ ጥበብ ትጠላላችሁ፤ ቅናት ነው» የሚለን ይኖራል። ኧረ የለም! ከፀጉር የቀጠነ ምንጭና ጥርስ አገናኝቶ ሴኮንድን የሚሰነጥቅ እጅ ይከበር እንላለን። ቬርሞን ያነሣነውም ለዚሁ ነው። የምንቃወመው የሠራተኛው ላብ በባለ ሀብቱ ክንድ ላይ ሲደርስ «የቤተሰብ ክብር» ተብሎ ስሙ መለወጡን ነው። ይባስ ብሎም የእኛ ወጣት የአያቱን ሥራ ሳያውቅ የሌላውን አያት ሰዓት መሳለሙን ነው።

ስለዚህ ለእናንተ ለጓደኞቻችን አንድ ሥራ እናቀርባለን። በመጪው ክረምት ሚኤሶ፣ ጭሮ፣ ድሬዳዋ የምትገቡ ሁሉ አንድ የምድር ባቡር ሽማግሌ ፈልጉ። ጋሼ፣ አባባ፣ አቦ ብላችሁ አጠገባቸው ተቀመጡና የሚነግሯችሁን በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም፣ በአማርኛም ጻፉ። ይህች መጽሔት ታትመዋለች። ክሮኖግራፍ ጊዜን የሚጽፍ ነው ብለን የለ? እነዚያ ሰዎች ከነዘመናቸው ሳይጻፉ ካለፉ ግን ምንም ያህል ወርቅ ብናፈስ ከጄኔቫ ጨረታ ገዝተን አንመልሳቸውም።