ድንቅነሽ ሳለች ሉሲ መባል ስለ ምን?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲሉ አባቶቻችን ተናግረዋል። የኳስ ቡድን ቅጽል ስም ግን በሰው የሚወጣ ነውና፣ ሰው ያወጣውን ስም ሰው ቢመረምረው ነውር አይሆንም። እኔም ዛሬ ልመረምረው የተነሣሁት የሴቶች ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን የሚጠራበትን «ሉሲዎቹ» የሚለውን ስም ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልኝ።

ነገሩን ያነሣችብኝ የልጄ ልጅ ናት። ዕድሜዋ ዐሥራ ሁለት ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከወንድሞቿ ጋር ኳስ ትመታለች። አንድ ምሽት የሴቶቹን ጨዋታ በሬዲዮ ስትሰማ ቆይታ፣ «አባባ፣ ሉሲ ማለት ምን ማለት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔ ዕድሜዬን ቅኔ ሳስቆጥር፣ ደቀ መዛሙርትንም የስም ምሥጢር ሳስፈታ የኖርሁ ሰው ነኝ። ስለ ወንዶቹ ቡድን ጠይቃኝ ቢሆን ኖሮ፣ «ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም የትም የማይገኝ፣ ከገደል ገደል የሚዘል እንስሳ ነው» ብዬ ባንድ ትንፋሽ እመልስላት ነበር። ስለ ሴቶቹ ግን መልሱ ረጅም፣ ለመናገርም የሚያሳፍር ሆኖ አገኘሁት።

መልሱ ይህ ነው። በእንግሊዝ አገር አንድ ሕፃን የትምህርት ቤት ጓደኛውን ሥሎ ለአባቱ አሳየ፤ የጓደኛው ስም ሉሲ ነበር። አባቱ ጆን ሌነን ቢትልስ ከሚባሉት ዘፋኞች አንዱ ነበርና ከዚያ ሥዕል ዘፈን አወጣ፤ ዘፈኑም በ1967 በሸክላ ወጣ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ኖቬምበር 24 ቀን 1974፣ በአፋር ምድር ሐዳር በተባለው ስፍራ፣ አሜሪካዊው ተመራማሪ ዶናልድ ጆሃንሰንና ተማሪው ቶም ግሬይ ያን ዝነኛ ዐፅም አገኙ። ማታ በሰፈሩበት ድንኳን ደስታቸውን ሲገልጡ ያ ዘፈን በቴፕ ይሰማ ስለ ነበር፣ ዐፅሟን ሉሲ አሏት። ከዚያም ወዲያ የኢትዮጵያ ሴቶች ልጆች ለአገራቸው ሊጫወቱ በተሰለፉ ጊዜ ይኸው ስም ተደረበላቸው። እንግዲህ ቍጠሩት፤ ከሕፃኒቱ ወደ ሥዕል፣ ከሥዕል ወደ ዘፈን፣ ከዘፈን ወደ ዐፅም፣ ከዐፅም ወደ ቡድን። ከአምስቱ የእኛ የሆኑት ዐፅሙና ቡድኑ ናቸው፤ ስሙ ግን የመጣው ከእንግሊዛዊቷ ሕፃን ነው።

በተመራማሪዎቹ አልፈርድም። በበረሃ ሐሩር የደከሙ ሰዎች በደስታ ሌሊት ከሚሰሙት ዘፈን ስም ቢያወጡ የሚያስወቅስ አይደለም። እንዲያውም በ1978 ለዘሯ የምርምር ስም ባወጡላት ጊዜ የተገኘችበትን ምድር አልረሱም፤ «አፋሬንሲስ» ብለው ከአፋር ጋር አቆራኝተዋታል። የሉሲም ስም በራሱ ክፉ አይደለም፤ በሮማይስጥ ብርሃን ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ስለ ዐፅሟ ዕድሜ፣ ተመራማሪዎች ሦስት ሚሊዮን ከሁለት መቶ ሺሕ ዓመት ስለሚሉት፣ የሚከራከሩ ቢኖሩ የእኔ ክርክር ከዚያ አይገባም። ክርክሬ ስለ ስሟ ነው፤ ወቀሳዬም በራሳችን ላይ ነው። ስም አጥተን ብንበደር ባልከፋ፤ ነገር ግን ድንቅነሽ የሚል ስም በቤታችን አለን።

ይህን ስም አስተውሉት። «ሉሲ» ስትል ስለ አንዲት ትናገራለህ፤ «ድንቅነሽ» ስትል ግን ራሷን ታናግራታለህ። «አንቺ ድንቅ ነሽ» ማለት ነውና ስሙ ሲጠራ ምስጋናው አብሮ ይነገራል። እንደ ቅኔ ቢፈቱት ደግሞ ሰሙ በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ያለችው ናት፤ ወርቁ በሜዳው ላይ ላቧን የምታፈሰው ልጅ ናት። አንድ ተመልካች ከመቀመጫው ተነሥቶ «ድንቅነሽ!» ብሎ ቢጮኽ ቡድኑንም ጠርቷል፣ ተጫዋቿንም አመስግኗል። ሁለት ሥራ በአንድ ቃል የሚሠራ ስም ሌላው ሕዝብ ቢያገኝ በወርቅ በገዛው ነበር።

ቅጽል ስም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አርበኞቻችን በፈረስ ስማቸው ይጠሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለዋል። የፈረስ ስም የባለቤቱን ጠባይ የሚናገር፣ በፉከራም ጊዜ ልብን የሚያነሣሣ ነበር። ይህም ልማድ ዛሬ ወደ ኳስ ሜዳ ገብቷል። የጅማ ቡድን «አባ ጅፋር» ብሎ የንጉሡን የፈረስ ስም ወረሰ፤ በ2018ም የኢትዮጵያን ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ወሰደ። የወላይታ ድቻ ደጋፊዎች ቡድናቸውን በመጨረሻው ንጉሣቸው ስም «የጦና ንቦች» ይሉታል። አርባ ምንጭ ከሐይቁ «አዞዎቹ»፣ ባሕር ዳር «የጣና ሞገዶች»፣ የጎንደሩ ፋሲል «አፄዎቹ»፣ ቅዱስ ጊዮርጊስም ሰማዕቱ በፈረስ ላይ ሆኖ ስለሚሣል «ፈረሰኞቹ» ይባላሉ። ከእነዚህ አንዱን እንኳ ለሕፃን ለማስረዳት የባሕር ማዶ ዘፈን መጥቀስ አያስፈልግም።

በውጭ አገርም ያማሩት ስሞች እንዲሁ ከደጃፍ የተገኙ ናቸው። የለንደኑ አርሰናል «መድፈኞቹ» የተባለው በ1886 በዉልዊች የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ስላቋቋሙት ነው። ዌስት ሃምም መዶሻን ምልክቱ ያደረገው በ1895 ከቴምዝ ወንዝ ዳር የመርከብ ፋብሪካ ሠራተኞች ስለ ተወለደ ነው። እነዚያ ሠራተኞች የእጃቸውን ሥራ አላፈሩበትም።

አሁን ተቃዋሚዎቼ የሚሉትን ላንሣ። አንድ የተማረ ወዳጄ ይህን አሳቤን ሰምቶ፣ «መምህር፣ የኳስ ቡድን ስም እኮ ጨዋታ ነው፤ ስለዚህ ቀለም ማባከን ለምን?» አለኝ። እኔም የአራዳውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን ታሪክ አስታወስሁት። ይህ ቡድን በ1935 ተመሠረተ፤ በወረራው ዘመን የጣሊያን ገዥዎች ስሙን አስለውጠው «ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር» አሰኙት። ስም ጨዋታ ቢሆን ኖሮ፣ አገር በጦር የያዘ ወራሪ የኳስ ልጆችን ስም ለመለወጥ ባልተጨነቀ ነበር። እነዚያ ልጆች ተገድደው ነበር፤ ጠላት በተባረረም ጊዜ ወደ ስማቸው ተመለሱ። እኛን ግን ማን አስገደደን?

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «ዓለም የሚያውቀው ሉሲን ነው፤ ድንቅነሽ ብንል ማን ይረዳናል?» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ወደ ደቡብ አፍሪካ ይመልከቱ። የዚያ አገር ሴቶች ቡድን በአገሩ ቋንቋ «ባንያና ባንያና» ይባላል፤ ትርጉሙ «ልጃገረዶቹ፣ ልጃገረዶቹ» ማለት ነው። በ2022 የአፍሪካን ዋንጫ ሲወስዱ፣ በ2023ም በዓለም ዋንጫ ከምድባቸው ሲያልፉ፣ የለንደንም የፓሪስም ጋዜጠኛ ምላሱን አስተካክሎ ባንያና ባንያና አለ እንጂ ስማቸውን ለውጡልኝ አላለም።

ከአፋር ምድርም ሌላ ማስረጃ አለኝ። በ2000 ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በዲኪካ የሕፃን ዐፅም ባገኘ ጊዜ ስሟ «ሰላም» ተባለ፤ የዓለም ሊቃውንትም ዛሬ ሰላም ይሏታል። «አርዲ» የተባለችው ዐፅም ስሟ ምድር ከሚለው የአፋር ቃል የወጣ ነው። በ2003 የታወቀው የሄርቶ ሰውም በአፋር ቃል «ኢዳልቱ» ተባለ፤ ሽማግሌ ማለት ነው። ዓለም የአፋርን ቃል ካልከበደው የአማርኛ ስም ምን ይከብደዋል? ዋልያንስ ያለ ትርጉም ተቀብሎት የለምን? ዓለም የሚጠራን ራሳችንን በምንጠራበት ስም ነው፤ እኛ ሉሲ እያልን እርሱ ድንቅነሽ እንዲለን መጠበቅ ሞኝነት ነው።

ሦስተኛው፣ «ስሙ ተለምዷል፤ የተለመደ አይለወጥም» የሚል ነው። በአሜሪካ የክሊቭላንድ የቤዝቦል ቡድን ከ1915 ጀምሮ «ኢንዲያንስ» ይባል ነበር። ስሙ የአገሩን ነባር ሕዝብ መጫወቻ ያደረገ ነው ተብሎ ብዙ ከተከራከሩበት በኋላ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የተጠራበትን ስም ትቶ ከ2022 የጨዋታ ዘመን ጀምሮ «ጋርዲያንስ»፣ ማለት ጠባቂዎቹ፣ ተባለ። ይህም ስም በሜዳው አጠገብ ካለው ድልድይ ላይ ከቆሙት የድንጋይ ሐውልቶች የተወሰደ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የተለመደው ከተለወጠ፣ የእኛ ልማድ በዕድሜ ልጅ ነውና እንዴት አይለወጥም?

የመጨረሻው ተቃውሞ የሰዋስው ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ያስደሰተኝ ይህ ነው። «ሉሲዎቹ ይባላል፤ ድንቅነሽ ግን ለአንዲት ሴት የሚነገር ነውና ለብዙ እንዴት ይሆናል? ድንቅነሾቹ ቢባል ለጆሮ ይጐረብጣል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ይጐረብጣል። ነገር ግን አማርኛ ስሟን ሳያጎድፍ ብዙ የሚያደርግበት ሌላ መንገድ አለው። በመንደራችን «እነ ዓለምነሽ መጡ» ስንል ዓለምነሽን ከነጓደኞቿ መጥራታችን አይደለምን? «እነ ድንቅነሽ» እንበላቸው። «እነ ድንቅነሽ ዛሬ ይጫወታሉ፤ እነ ድንቅነሽ አገቡ» ቢል የሬዲዮ ተናጋሪ ማን ይስቅበታል? እንዲያውም ይህ አጠራር የቤተ ዘመድ አጠራር ነውና ልጆቹን ወደ ሕዝቡ ያቀርባቸዋል።

እነዚህ ልጆች በ2004 በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ አራተኛ የወጡ ቡድን ወራሾች ናቸው። የሚሮጡት በራሳቸው እግር፣ የሚለብሱት የአገራቸውን ቀለም ነው፤ ስማቸው ብቻ የተውሶ ነው። የተውሶ ልብስ ባለቤቱ ቢመጣ ይመለሳል፤ የተውሶ ስም ግን ባለቤት ነኝ ብሎ የሚጠይቅ ስለሌለ፣ መመለስ ያለበት ተዋሹ ራሱ አስቦ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ለሦስት ወገን ነው። የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ስሙን በጉባኤው ያንሣው፤ ከተጫዋቾቹም ጋር ይመካከር፤ ስሙን የሚሸከሙት እነርሱ ናቸውና። ጋዜጦችና ሬዲዮኖች ውሳኔ ሳይጠብቁ «እነ ድንቅነሽ» ማለት ይጀምሩ፤ ይህን የሚከለክል ሕግ የለም። በየሜዳው የምትገኙ ተመልካቾችም በሚቀጥለው ጨዋታ ስሙን በጩኸት አስለምዱት። የዚህ ገጽ አንባብያን ከአሳቤ የሚሻል ስም ቢያገኙ ይጻፉበት፤ ከአገራችን አንደበት የወጣ ይሁን እንጂ በደስታ እቀበለዋለሁ።

ለልጄ ልጅ ያን ምሽት የዘፈኑን ታሪክ ነገርኋት። ዝም ብላ ሰምታ ሲያበቃ፣ «ታዲያ እኔ ሳድግ ለማን ነው የምጫወተው?» አለችኝ። ለዚህ ጥያቄ እኔ ብቻዬን መልስ መስጠት ስላልቻልሁ ይህን ጻፍሁ።