የእናቶችን ደም ማን ያስመርምር?

ረመዳን በገባ ቁጥር በየመስጊዱ ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ «ጾመኛ ለምርመራ ደም ቢሰጥ ጾሙ ይፈርሳል ወይ?» የሚል ነው። መልሱ አጭር ነው፤ አይፈርስም። የሐነፊ፣ የማሊኪና የሻፊዒ መዝሀብ ሊቃውንት ዋግምት እንኳ ጾም አያፈርስም ይላሉ። ማስረጃቸውም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጾመኛ ሆነው መታገማቸውን ኢብኑ አባስ (ረ.ዐ) ማስተላለፋቸው ነው። የሐንበሊ መዝሀብ በዋግምት ላይ የተለየ አቋም አለው፤ ሆኖም በዚያው መዝሀብ ያሉ የዘመናችን ታላላቅ ዑለማዎች ለምርመራ የምትቀዳ ጥቂት ደም ጾም አታፈርስም ብለዋል።

ጥያቄውን የሚያመጡልን ግን አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ናቸው፤ ስለ ራሳቸው ወይም ስለ አባታቸው። ስለ እናቱ ደም የሚጠይቀን ጥቂት ነው። በየቤታችን የልብ ሕመም የወንድ በሽታ ተደርጎ ይታያል። እናት «ደክሞኛል» ስትል «ጾሙ ነው» ይባላል። ለሱሁር ቀድማ የምትነሳውም፣ ከተራዊህ በኋላ ዕቃ አጥባ የምትተኛውም እርሷ ስለሆነች ድካሟ ማንንም አያስገርምም። ሐኪሞች ግን ድንገተኛ የልብ ሕመም በሴቶች ላይ ከደረት ውጋት ሌላ በትንፋሽ ማጠር፣ በማቅለሽለሽ፣ በጀርባና በመንጋጋ ሕመም፣ ባልተለመደ ድካምም ሊገለጥ እንደሚችል ይነግሩናል።

እ.ኤ.አ. በ2024 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን ላይ የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ለዚህ ጉዳይ ትልቅ ነገር ይዞ መጥቷል። ጤነኛ የነበሩ 27,939 ሴቶች አንድ ጊዜ ደም ሰጡ። አማካይ ዕድሜያቸው ወደ 55 ዓመት ነበር። ከዚያም 30 ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። በደማቸው የተለኩት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ኤልዲኤል የሚባለው መጥፎ ኮሌስትሮል፣ በሰውነት ውስጥ የተደበቀ ብግነትን የሚያሳየው ሲአርፒ እና ሊፖፕሮቲን ኤ የሚባል ከኮሌስትሮል ጋር የሚዛመድ ቅባት። ሴቶቹን በአምስት ምድብ ከፍለው ከፍተኛውን ከዝቅተኛው ሲያነጻጽሩ፣ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ የመጋለጥ ዕድል በሲአርፒ 70 በመቶ፣ በኤልዲኤል 36 በመቶ፣ በሊፖፕሮቲን ኤ 33 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሦስቱም ከፍ ያሉባቸው ደግሞ ሦስቱም ዝቅ ካሉባቸው 2.6 እጥፍ ተጋላጭ ነበሩ። አብዛኞቹ ነጮች ስለነበሩ ቁጥሩን እንዳለ ወደ እኛ እናቶች ማምጣት አይገባም። ግን አንዲት ጠብታ ደም የ30 ዓመት ወሬ ይዛ መገኘቷ ሊያስተኛን አይገባም።

ከሦስቱ እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ሊፖፕሮቲን ኤ ነው። መጠኑ በአብዛኛው የሚወሰነው በዘር ነው፤ ምግብም ሆነ እንቅስቃሴ ብዙም አይቀንሰውም። በዚህም ምክንያት በዕድሜ አንድ ጊዜ መለካቱ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። እኛ ግን የሟችን ሕመም መሸሸግ ለምደናል። «በድንገት ሄደች» ብለን እንቀብራለን፤ ልጆቿ አያታቸውም በ50 ዓመቷ እንዲሁ እንደሄደች ሳይሰሙ ያድጋሉ። በዚህ ወር ዘመድ ለኢፍጣር ይሰበሰባል። ሲለቱ ረሒም መጠያየቅ ከሆነ፣ በዘራችን በልብ ሕመም በለጋነቱ የሞተ ማን እንደሆነ መጠያየቅም የዚያው አካል ነው ብለን እናምናለን።

«ሞት በአላህ እጅ ነው፣ ምርመራ ምን ይጨምራል?» የሚሉንም አሉ። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ከመንገድ ሲመለሱ ከቀደር ትሸሻለህን ተብለው ነበር፤ ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው እንደሚሄዱ መለሱ። ከዚህ የተሻለ መልስ የለንም። ለዒድ ልብስ ገንዘብ የሚያወጣ ባል ወይም ልጅ ለሚስቱና ለእናቱ ምርመራም ያውጣ።

ስለ ሳምቡሳው ብዙ አንናገርም፤ በየዓመቱ ተነግሮ በየዓመቱ ይጠበሳል። ዘይቱ ደጋግሞ መጠበሻ እንዳይሆን ብቻ እንጠይቃለን።

የኮሌስትሮል ምርመራ በብዙ ላቦራቶሪዎች ይሠራል፤ የቀሩትን ሁለቱን ሐኪም ጠይቆ ማወቅ ይቻላል። ላቦራቶሪው ሳይበላ የሚሰጥ ደም ከፈለገ፣ ሱሁሯን በልታ የዋለች ጾመኛ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአሥር ሰዓት በላይ ምግብ ሳትቀምስ ቆይታለችና ይመቻል። ጉንፋን ወይም የጥርስ ሕመም ያለባት ግን ሲአርፒዋ ለጊዜው ከፍ ስለሚል እስክትድን ትጠብቅ። የኮሌስትሮል ወይም የደም ግፊት ኪኒን የታዘዘላትም ጾም ገባ ብላ አታቋርጥ፤ ብዙውን ጊዜ ሰዓቱን ወደ ኢፍጣር ወይም ወደ ሱሁር ማዛወር ስለሚቻል ሐኪሟን ታማክር። ሐኪሙ ጾሙ ይጎዳሻል ካላትም ለሕመምተኛ የተሰጠው ፈቃድ በሱረቱል በቀራህ ውስጥ አለ፤ ልጆቿ ያስታውሷት፣ እርሷ በራሷ አትጠይቅምና።