የሴናተር ማስኪ ሁለት ኮሚቴዎች፦ የአካባቢ ሕግና ያልተለቀቀው ገንዘብ

በአካባቢ ጥበቃ ሕግ ላይ የሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ ከአዋጁ ይጀምራሉ፤ የሚያበቁትም እዚያው ነው። አዋጁ መቼ ጸደቀ፣ ምን ከለከለ፣ የትኛውን መሥሪያ ቤት አቋቋመ የሚሉት ጥያቄዎች በሰፊው ይመለሳሉ። ለማስፈጸሚያ የተፈቀደው ገንዘብ በእርግጥ ስለ መለቀቁ የሚነሣው ጥያቄ ግን፣ ከተነሣም፣ በአንዲት አንቀጽ ይታለፋል። የአሜሪካዊው ሴናተር ኤድመንድ ማስኪ የምክር ቤት ሥራ ይህ አካሄድ ምን እንደሚያጎድል ያሳያል። የአካባቢ ታሪክ ጸሐፊዎች ማስኪን የሚያውቋቸው በአየርና በውኃ ሕጎቻቸው ሲሆን፣ የመንግሥት ፋይናንስ ተመራማሪዎች ደግሞ በሴኔቱ የበጀት ኮሚቴ የመጀመሪያ ሰብሳቢነታቸው ያውቋቸዋል። ሁለቱ ወገኖች አንዳቸው የሌላቸውን ጽሑፍ ብዙም አይጠቅሱም። ይሁንና ሁለተኛው ሥራ ከመጀመሪያው የተወለደ ነው፤ የመጀመሪያውም ያለ ሁለተኛው ግማሽ ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ማስኪ በ1914 የተወለዱት በሜይን ክፍለ ግዛት፣ በአንድሮስኮጊን ወንዝ ዳር በምትገኘው የወረቀት ፋብሪካ ከተማ በራምፎርድ ነው። ክፍለ ግዛቷን ለአራት ዓመታት በአገረ ገዥነት ካስተዳደሩ በኋላ በ1959 ወደ ሴኔቱ ገቡ፤ ከ1963 ጀምሮም የአየርና የውኃ ብክለትን የሚመለከተውን ንዑስ ኮሚቴ መሩ። ንዑስ ኮሚቴው በዚያን ጊዜ ማንም የሚሻማበት ቦታ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ሕጎቻቸውም ለስላሳ ነበሩ። በ1965 የወጣው የውኃ ጥራት ሕግ ክፍለ ግዛቶች ለየወንዞቻቸው የጥራት ደረጃ እንዲያወጡ ያዝዛል፤ ወንዙ ከደረጃው በታች ሲወርድ ግን ጥፋቱ ከዳር ዳር ከተሰለፉት ፋብሪካዎች የየትኛው እንደሆነ ማረጋገጥ እጅግ አዳጋች ነበር። በ1970 የራልፍ ኔደር የጥናት ቡድን ባሳተመው ዘገባ፣ ሴናተሩ ለኢንዱስትሪ ለዘብተኛ ናቸው ብሎ በስም ወቀሳቸው። ወቀሳው ፍትሐዊ ነበር አልነበረም ማለቱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በዚያው ዓመት የመጣው ረቂቅ ግን ከቀደሙት ፈጽሞ የተለየ ሆነ።

የ1970ው የንጹሕ አየር ሕግ በሴኔቱ 73 ለ 0 በሆነ ድምፅ አለፈ። ሕጉ ቁጥርና ቀን የያዘ ነው፤ የመኪና አምራቾች የካርቦን ሞኖክሳይድንና የሃይድሮካርቦንን ልቀት በ1975 ሞዴሎቻቸው በ90 በመቶ እንዲቀንሱ ያዝዛል። ቀነ ገደቡ በኋላ ከአንዴም ሁለቴ ተራዝሟል፤ ያም ሆኖ በ1975 ሞዴል መኪኖች ላይ የጭስ ማጣሪያ መሣሪያ መገጠም የጀመረው በዚህ ግፊት ነው። ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን አንቀጽ 304 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት ማንኛውም ሰው፣ ሕጉን የጣሰን ፋብሪካም ሆነ ሕጉ የጣለበትን ግዴታ ያልፈጸመን የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ፣ በፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል። የማስኪ ሕጎች አጥንት እነዚህ ሦስቱ ናቸው፦ የተቆረጠ ቁጥር፣ የተቆረጠ ቀን፣ መንግሥት ቸል ሲል በሩን የሚያንኳኳ ዜጋ።

የ1972ቱ የውኃ ብክለት ቁጥጥር ሕግ አራተኛ ነገር ጨመረ፤ እርሱም ገንዘብ ነው። የ1965ቱን ድክመት ለማረም ገደቡ ከወንዙ ወደ ቧንቧው ተዛወረ፤ እያንዳንዱ ፋብሪካና እያንዳንዱ ከተማ በፈቃድ ከተወሰነለት በላይ ወደ ወንዝ መልቀቅ አይችልም። ከተሞች ግን ማጣሪያ ጣቢያ የሚገነቡበት አቅም አልነበራቸውም። ስለዚህ ሕጉ ለሦስት የበጀት ዓመታት 18 ቢሊዮን ዶላር፣ ማለትም በተከታታይ 5፣ 6 እና 7 ቢሊዮን፣ ፈቀደ፤ የፌዴራሉንም መንግሥት ድርሻ ከግንባታው ወጪ 75 በመቶ አደረገ። አከፋፈሉም የተለመደውን መንገድ አልተከተለም። ኤጀንሲው ዓመታዊውን የበጀት ድልድል ሳይጠብቅ ከከተሞች ጋር ውል መግባት እንዲችል ሥልጣን ተሰጠው። ይህ የቴክኒክ ዝርዝር ይመስላል፤ ነገር ግን የተፈቀደ ገንዘብ በድልድል ጊዜ ሲሸራረፍ ለዓመታት ያየ ሰው የጻፈው ዝርዝር ነው።

ፕሬዚዳንት ኒክሰን ጥቅምት 17 ቀን 1972 ወጪው ከልክ ያለፈ ነው በማለት ሕጉን በቪቶ መለሱት። በማግሥቱ ሴኔቱ በ52 ለ 12፣ የተወካዮች ምክር ቤት በ247 ለ 23 ቪቶውን ሻሩ። ብዙ የአካባቢ ታሪክ መጻሕፍት እዚህ ላይ ምዕራፉን ይዘጋሉ።

ትግሉ የተካሄደው ግን ከዚያ በኋላ ነው። በሚቀጥለው ወር ፕሬዚዳንቱ ለኤጀንሲው ኃላፊ በሰጡት ትእዛዝ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከተፈቀደው 11 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ ለክፍለ ግዛቶች የተከፋፈለው 5 ቢሊዮን ብቻ ሆነ። ሕጉ አልተሻረም፤ አንድም ቃሉ አልተለወጠም፤ ከግማሽ በላይ የሆነው ገንዘቡ ግን ከግምጃ ቤት አልወጣም። የኒክሰን አስተዳደር መከራከሪያ በሁለት ጥቃቅን ለውጦች ላይ ያረፈ ነበር። ረቂቁ በሁለቱ ምክር ቤቶች አስታራቂ ኮሚቴ ሲታይ፣ የተፈቀደው ገንዘብ «ሁሉ» ይከፋፈል ከሚለው ሐረግ «ሁሉ» የምትለዋ ቃል ተሰርዛለች፤ በገንዘቡ መጠን ላይም «ከዚህ ሳይበልጥ» የሚል ተጨምሯል። ለውጡ የተደረገው ፕሬዚዳንቱን ለማለዘብ ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ ግን ቪቶአቸውንም አልተዉም፣ ለውጡንም ገንዘቡን ለመያዝ ተጠቀሙበት። የኒው ዮርክ ከተማ ከሰሰች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የካቲት 18 ቀን 1975 በሰጠው ፍርድ፣ ሕጉ ለኤጀንሲው ኃላፊ ከተፈቀደው መጠን በታች የማከፋፈል ሥልጣን አልሰጠም ሲል ወሰነ። አንድ ዳኛ በውጤቱ ብቻ ሲስማሙ የተቃወመ አልነበረም። ከተሞቹ አሸነፉ፤ ሁለት ዓመት ግን አልፎ ነበር።

ኮንግረሱ በበኩሉ የፍርዱን ቀን አልጠበቀም። ማስኪ አባል የነበሩበት የመንግሥት ሥራዎች ኮሚቴ ጭምር የተሳተፈበት የኮንግረስ የበጀትና የገንዘብ መያዝ ቁጥጥር ሕግ ሐምሌ 12 ቀን 1974 ተፈረመ። በዚህ ሕግ መሠረት ፕሬዚዳንቱ የጸደቀን ወጪ ለመሰረዝ ሲፈልጉ ለኮንግረሱ ማቅረብ አለባቸው፤ ኮንግረሱ ጉባኤ ላይ ባለባቸው 45 ተከታታይ ቀናት ውስጥ ካልተስማማ ገንዘቡ ይለቀቃል። ሕጉ የኮንግረሱን የበጀት ጽሕፈት ቤትና በሁለቱም ምክር ቤቶች የበጀት ኮሚቴዎችን አቋቋመ። የሴኔቱን ኮሚቴ ማስኪ ያዙት።

አዲሱ ወንበር ወደ ሁለት አቅጣጫ የሚቆርጥ ሰይፍ እንደ ነበር ወዲያው ታየ። በ1975 ማስኪ ከሪፐብሊካኑ አቻቸው ከሄንሪ ቤልሞን ጋር ሆነው፣ የጦር መሣሪያ ግዢ ረቂቅ ኮንግረሱ ራሱ ካስቀመጠው ጣሪያ በላይ ነው በማለት ተከራከሩ፤ ሴኔቱም በ48 ለ 42 ጣለው። ይህን ያጨበጨቡላቸው የራሳቸው ፓርቲ ለዘብተኞች፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዚያው ምክንያት የተማሪዎች የምሳ መርሐ ግብር ረቂቅ ተመልሶ እንዲታይ ሲጠይቁ ፊታቸውን አጠቆሩባቸው። ማስኪ ከዚያም አልፈው፣ የመንግሥት መርሐ ግብሮች በየጥቂት ዓመቱ ተመርምረው ካልታደሱ ፀሐያቸው እንድትጠልቅ የሚያደርግ ረቂቅ አቀረቡ። በ1978 ሴኔቱ አጸደቀው፤ የተወካዮች ምክር ቤት ሳያየው ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ በትክክል ሊነሣ ይችላል፦ ገንዘቡ ተለቅቆስ ምን አመጣ? ማጣሪያ ጣቢያዎቹ በብዛት ተገንብተዋል፤ ወንዞችም ተሻሽለዋል። ነገር ግን እርዳታው ለግንባታ እንጂ ለሥራ ማስኬጃና ለጥገና ስላልነበረ፣ ከሚችሉት በላይ ትልቅ ጣቢያ የገነቡ ከተሞች ነበሩ። ከእርሻ መሬት ታጥቦ የሚወርደው ማዳበሪያ በቧንቧ ስለማይመጣ ከፈቃድ ሥርዓቱ ውጭ ቀረ። በ1981 ኮንግረሱ የፌዴራሉን ድርሻ ወደ 55 በመቶ እንዲወርድ ወሰነ፤ በ1987 ደግሞ የቀጥታ እርዳታው ክፍለ ግዛቶች በሚያስተዳድሩት ተዘዋዋሪ የብድር ፈንድ እንዲተካ ተደረገ። እነዚህ እውነቶች ገንዘብን መከተል አይጠቅምም አያሰኙም። እንዲያውም ገንዘቡን ያልተከተለ ጥናት እነዚህን ድክመቶች ሊያያቸው አይችልም።

ይበልጥ ከባዱ ጉድለት ሌላ ነው። ማስኪ በአየርና በውኃ ሕጎቻቸው ለዜጋ የከፈቱት የፍርድ ቤት በር በ1974ቱ የበጀት ሕግ ውስጥ የለም። የተያዘ ገንዘብ እንዲለቀቅ በፍርድ ቤት የመጠየቅን ሥልጣን ሕጉ በግልጽ የሰጠው ለኮንግረሱ የሒሳብ ምርመራ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። የዚህ ዋጋ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ታየ። በ2025 የአሜሪካ መንግሥት ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የጸደቀ የውጭ እርዳታ ገንዘብ ይዞ ሲያቆይ፣ እርዳታው የተቋረጠባቸው ድርጅቶች ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመስከረም ወር በሰጠው ጊዜያዊ ትእዛዝ፣ የ1974ቱ ሕግ የእነዚህን ከሳሾች ክስ ሳይዘጋው አይቀርም የሚለውን የመንግሥት ክርክር ለጊዜው ተቀበለ። ገንዘብ መያዝን ለመግታት የወጣ ሕግ፣ ያዢውን ከክስ መከላከያ ሆነ። የኒው ዮርክ ከተማ በ1975 የረታችበት መንገድ ዛሬ ለእርዳታ ተቀባዮች ይህን ያህል ጠብቧል፤ ከአሜሪካ እርዳታ ዋነኛ ተቀባዮች አንዷ ለነበረችው ለኢትዮጵያም ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አይደለም።

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ክፍተት ለመኖሩ ተመራማሪው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በ1995 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 11፣ ማንኛውም ሰው የራሱ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካይ ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብ፣ በውሳኔው ካልረካም ፍርድ ቤት እንዲሄድ ይፈቅዳል። ጥቅሙ የተነካበትን ሰው ብቻ ከሚያስተናግደው ከአሜሪካው የውኃ ሕግ ይልቅ ይህ በር ሰፊ ነው። በበካዩ ላይ ለተከፈተው በር፣ ብክለትን እንዲቆጣጠር የተመደበለትን በጀት ሥራ ላይ ያላዋለ መሥሪያ ቤትን በሚመለከት አቻው ወዴት ነው? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 መሠረት ዋናው ኦዲተር የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት ያቀርባል፤ ሥራ ላይ ያልዋለ በጀትም በእነዚህ ሪፖርቶች ውስጥ ይገኛል። የአካባቢ ሕግን የሚያጠና ተማሪ ከነጋሪት ጋዜጣው ጎን እነዚህን ሪፖርቶች ቢዘረጋ፣ በየዓመቱ ከጸደቀው ምን ያህሉ ከወንዝ ዳር እንደ ደረሰና ባልደረሰው ላይ ምክር ቤቱ ማንን ጠርቶ እንደ ጠየቀ ለማወቅ መነሻ ያገኛል።